አንድ ኢንች ምርቃት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰላም ጋር ፌርፋክስ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ቁርስ ልንበላ ተቀጣጥረን ነበር። ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ብሎኩን ዞሬ፣ በመጨረሻ አንዲት ሚኒቫን ጀርባ ተጠጋግቼ ፓርክ አድርጌ ስደርስ፣ እሷ በረንዳው ላይ ተደላድላ ጨጨብሳውን ጀምራዋለች። "ምነው ሳትጠብቂኝ?" ብላት "ሲቀዘቅዝ አይበላማ!" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም ብሆን አልጠብቃትም። ወቅቱ ጃካራንዳው የሚረግፍበት ስለሆነ መንገዱ ሁሉ ሐምራዊ አበባ ለብሷል። አንድ አትክልተኛ ማሽኑን በጀርባው አዝሎ አበባውን በንፋስ ይጠርጋል። እዚህ ከተማ መጥረጊያ የሚይዝ ሰው የለም፣ ሁሉም በሞተር ነው የሚነፋው።

የሰውየው ማሽን ግን ጤና አልነበረውም። ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ ከፍ ሊል ይሞክርና መሃል ላይ ያቃስታል፤ ከዚያ እንደገና ይሞክራል። የጎረስኩትን ሳልውጥ "ሰማሽው?" አልኳት ሰላምን። "ይሄ እህል የበዛበት ወፍጮ ነው።"

ሰላም ማንኪያዋን አስቀምጣ ሳቀች። "ወይኔ፣ አባቴን! ቁርጥ አባቴን እኮ ነሽ!" አለች።

ደስ አለኝ። ምክንያቱም ይህን ጆሮ ከእናቴ ማህፀን ይዤው አልወጣሁም፤ የሰላም አባት ጋሼ ታደለ ናቸው የሰጡኝ። እንዴት እንደሰጡኝ ላውጋችሁ፤ ጨጨብሳው እንደሆነ ሌላ ይመጣል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቫን ናይስ ውስጥ ከአክስቴ ጋር አንድ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን፤ ከእኛ ሥር ሰላምና አባቷ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ባለ አንድ የሞዴል አውሮፕላን ሱቅ ካሸር ነበርኩ። በሪሞት የሚበሩ፣ ትንንሽ ግን እውነተኛ ሞተር ያላቸው አውሮፕላኖች ነው የምንሸጠው። አክስቴ ቸርች ስንሄድ "ጥሩወርቅ አውሮፕላን ነው የምትሸጠው" ብላ ታወራና ዝም ትላለች፤ ሰው የመሰለውን ያስብ እንግዲህ። አንድ ዲያቆን ለአዲስ አበባ ትኬት ዋጋ እንድቀንስለት ሁሉ ለምኖኛል።

የሱቁ ባለቤት ሬይ ይባላል። ቁመቱ በር የሚሞላ፣ ከአፉ ግን ቃል የማይወጣው ሰውዬ ነበር። ከሱቁ በስተጀርባ ረጅም የጥገና ጠረጴዛ አለ። የሰው አውሮፕላን የሚጠገነው፣ ሞተርና ፕሮፔለር የሚዛመደው እዚያ ላይ ነው። ጠጋኙ ሰውዬ ጡረታ ሲወጣ ጠረጴዛው ባዶውን ቀረ። ያንን ጠረጴዛ እንዴት እንደፈለግሁት! ምሳዬን እንኳ እዚያ ሄጄ ነበር የምበላው። ሥራውን ደግሞ እችለዋለሁ፤ ካሸር ሆኜ ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮዬና ዓይኔ ከኋላ ነበርና። ትሕትና ጥሩ ነገር ነው ይባላል፣ እኔ ግን ያኔም አልነበረኝም።

አንድ ቀን በግልጽ ጠየቅሁት። "ሬይ፣ ጠረጴዛውን ስጠኝ።"

ጥቂት አሰበና "ሜዳ ላይ አሳዪኝ" አለ። በወሩ መጨረሻ የጀማሪዎች ውድድር ነበር፤ አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ እየተገለባበጠ የተወሰኑ ትርኢቶች የሚያሳይበት። "ሞተሩንና ፕሮፔለሩን ራስሽ ምረጪ፣ ራስሽ ግጠሚ። ከማንም ዕቃ መዋስ የለም፣ ማንም አይነካልሽም። ሞተሩ እየሠራ ካሳረፍሽው ጠረጴዛው ያንቺ ነው። አየር ላይ ከቆመ ግን ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።"

"ኦኬ" አልኩት።

ይህ ነገር ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። ፕሮፔለር ሁለት ቁጥር አለው። አንደኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመቱ ነው። ሁለተኛው እርምጃው ነው፤ ብሎን እንጨት ውስጥ ስትጠመዘዝ በአንድ ዙር ትንሽ እንደምትጠልቅ፣ ፕሮፔለርም በአንድ ዙር አየሩ ውስጥ ይህን ያህል ይራመዳል ማለት ነው። አሥራ ሁለት በስድስት ከተባለ ርዝመቱ አሥራ ሁለት ኢንች፣ እርምጃው ስድስት። ሁለቱን ካበዛችሁባት ያቺ ቡጢ የምታህል ሞተር አትችለውም፤ ትግላለች፣ ትታፈናለች፣ ትቆማለች። ካሳነሳችሁባት ደግሞ በባዶ እየጮኸች ራሷን ትጨርሳለች። ተገለባባጭ አውሮፕላን ከሁሉም ይብሳል፤ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ የሞተሯ ድካም የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ አምስት ፕሮፔለር እየቀያየርኩ፣ በዙር ቆጣሪ እየለካሁ፣ አሥራ ሁለት በስድስቱ ላይ ረጋሁ። ለሞተሬ የተሰፋ ነበር የሚመስለው።

ከጋሼ ታደለ ጋር የተቀራረብነው በዚህ መሃል ነው። እሳቸው ደብረ ብርሃን ላይ ሃያ ዓመት ወፍጮ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ሰላም በቤተሰብ ፕሮሰስ አስመጥታቸው፣ መጥተው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ሌላ ምን ይሁኑ? እሷ አረጋውያን ቤት ዳብል ሽፍት እየሠራች ሳሎኑን ለሳቸውና ለቴሌቪዥኑ ትታላቸው ነው የምትውለው። "አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ሠርተሃል፣ አሁን እረፍ" ስትላቸው፣ "ያልደከመው ሰው ከምኑ ይረፍ?" ይላሉ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከአፓርታማው ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ሞተሬን ከጣውላ ጋር አስሬ አስነሳኋት። አስተዳዳሪው በመስኮት እየጮኸብኝ ነው። ጋሼ በነጠላ ጫማ ከቤታቸው ሲወጡ አየሁ። መጥተው ከኋላዬ ቆሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አደመጡ። ሳጠፋት ዓይናቸውን ገልጠው "ምኗን ነው የምታስፈጫት?" አሉኝ።

ስለ ፕሮፔለሩ አስረዳኋቸው። ርዝመት፣ እርምጃ፣ ዙር። ፊታቸው በራ።

"ታዲያ ወፍጮ ነው በይኛ!" አሉ። "እህሉ አየር ነው፣ በቃ! እህል ስታበዢበት ያቃስታል። ስታሳንሺበት ያብዳል። ልኩን ስትሰጪው ይዘፍናል። ቁጥሩን ተይውና ዘፈኑን ስሚ።"

ከዚያ ወዲህ ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር ይመጣሉ። እያንዳንዱን ፕሮፔለር ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ዙር ቆጣሪዬ ያለኝንና ጆሯቸው ያላቸውን ሳስተያይ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። አሥራ ሁለት በስድስቷን ሲሰሙ "ይቺ ናት። አትንኪያት!" አሉ።

ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት ከሥራ ስገባ፣ ደረጃው ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ጠበቁኝ። ፈታሁት። ፕሮፔለር! በእጃቸው የተጠረበ፣ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ፣ በዘይት የታሸ የእንጨት ፕሮፔለር። መሃሉ ጠቆር፣ ጫፎቹ ሳሳ ብለው፣ የእንጨቱ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይፈስሳል። ብዙ ፕሮፔለር ሸጫለሁ፣ እንዲያ የሚያምር ግን አላየሁም። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰላም ሥራ ስትወጣ እየጠበቁ ነው የጠረቡት። እንጨቱ ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም። ሰላም ለእንግዳ ብላ ያስቀመጠቻት የምግብ ጠረጴዛ ማስረዘሚያ ሳንቃ የት እንደገባች የታወቀው በገና ነው።

"ጋሼ! ይሄን እርስዎ ነዎት የሠሩት? ስንት በስንት ነው?"

"አሥራ ሁለት በስድስት አላልሽኝም? እሱኑ ነው። ምርቃት ብቻ ጨመርኩበት" አሉ፣ ፈገግ ብለው። "ለርዝመቱ አንድ ኢንች፣ ለእርምጃው ሁለት።"

ክው አልኩ። አሥራ ሦስት በስምንት! ያቺ ሞተር አትሸከመውም። ግን ምርቃት ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ሚዛኑ ከሞላ በኋላ የምትጨመረዋ እፍኝ ናት። ጋሼ በወፍጮ ቤታቸው ሃያ ዓመት ሙሉ ልክክ አድርገው ለሰው ሰጥተው አያውቁም፤ ልክክ ያለ ነገር ለሳቸው ስስት ነው። ለኔ ደግሞ፣ ለጎረቤት ልጃቸው፣ ያንን ልክ ብቻ ይስጡኝ? እንዴት ተደርጎ! እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ በእጃቸው የሠሩት የመጀመሪያው ነገር ነው፤ በዚያ ላይ ስሙ ምርቃት። የሽማግሌ ምርቃት ይመለሳል እንዴ?

በዛ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው" የሚል ሆነ።

"ቅዳሜ በሱ ነው የምታበሪው አይደል?" አሉኝ።

"በሱ ነው" አልኳቸው። ሞኝ ነበርኩ። ግን እናንተ ብትሆኑስ ምን ትሉ ነበር?

ቅዳሜ ጠዋት ሰላም እዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አሞኛል ብላ ሥራ ኮል አድርጋ ቀረች። ጋሼ ኮትና ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ በሶ በጠርሙስ ይዘው መኪናዬ ውስጥ ገቡ። አሥራ ሁለት በስድስቷን ሆን ብዬ ቤት ትቻት ወጣሁ። ሳጥኔ ውስጥ ካለች እጄ ወደሷ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ስጦታቸውን ፊታቸው ላይ ፈትቼ ሳወርድ ደግሞ ማየት አልፈለግሁም። ፍሪዌዩ ባዶ ነበር። የበጋው ፀሐይ ኮረብታዎቹን ቡናማ አድርጎ ጠብሷቸዋል። ሜዳው ጋ ስንደርስ ጉሎ ዘይት የተቀላቀለበት የነዳጅ ሽታ ተቀበለን። ያን ሽታ እስከ ዛሬ ከሽቶ አስበልጠዋለሁ።

በራሪዎቹና ተመልካቹ መሃል ገመድ ተዘርግቷል። ሰላምና አባቷን ከገመዱ ወዲያ አስቀምጬ ወደ አውሮፕላኔ ሄድኩ። ቀይና ነጭ ናት፣ ራሴ የሠራኋት። የጋሼን ፕሮፔለር ገጠምኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ። ወዲያው አወቅሁት። ዙር ቆጣሪው ከለመደው በጣም ወርዷል። የነዳጁን መጠን መቆጣጠሪያ መርፌ ብከፍት ጭስ ብቻ፣ ብዘጋ ይግላል። ድምፁ ከባድ ሸክም ይዞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ትንፋሽ ሆነብኝ።

ሬይ ክንዱን አጣምሮ ይመለከተኛል። "ምርጫሽ ይሄ ነው?"

"አዎ።"

"ጥሩ" አለ። ጠረጴዛዬ ከእጄ እየወጣች እንደሆነ እያወቅሁ፣ አውሮፕላኔን ወደ መንደርደሪያው ገፋኋት። ተራዬ ተጠራ።

ያኔ ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። "አጥፊው! አጥፊው እልሻለሁ!"

ጋሼ ገመዱን አልፈው፣ ኮታቸው እየተውለበለበ፣ አንድ እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው ይመጣሉ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ቀበቶ ሊበጠስ ሲል እንዲያ ይሆኑ ነበር መሰለኝ። ሰላም "አባዬ! አባዬ!" እያለች ከኋላቸው ትሮጣለች። የሜዳው ኃላፊ በፊሽካ አብዷል። ሞተሩን አጠፋሁ።

"ይሄን ሞተር ምን ነካው?" አሉ እያለከለኩ። "እዚያ ሆኜ እየሰማሁት ነው፣ እየሞተ እኮ ነው! ማን ነው እህል ያበዛበት?"

ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይኔ እንባ ሞላ። "እርስዎ ነዎት ጋሼ" አልኳቸው። "ምርቃቱ ነው።"

ፕሮፔለሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"ታውቂው ነበር?"

"ሐሙስ ዕለት ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አፈርኩ።"

"ኧረ በሕግ!" ብለው ጮኹ። "እኔን አፍረሽ ሞተር ትገድያለሽ? እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ቅር ቢለኝ ሁለት ቀን አኩርፌ እተወዋለሁ። ሞተር ግን ይሉኝታ አያውቅም! በይ የድሮዋን ግጠሚ።"

ቤት ትቻት እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ያኔ የሰደቡኝን ስድብ አልጽፈውም፤ ሰላም እንኳ ጆሮዋን ይዛለች።

ሬይ ጠጋ አለ። ነገሩ በአማርኛ ቢሆንም የገባው ይመስላል። "የመጨረሻ ተራ ላስይዝልሽ እችላለሁ፣ ከዚያ በላይ አልረዳሽም" አለ። "መዋስ የለም።"

ጋሼ ፕሮፔለሩን አስፈትተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። እርምጃው አንዴ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል፣ አይቀነስም። ርዝመቱ ግን ይቀነሳል። እርምጃው ስምንት ከሆነ ርዝመቱ አሥራ አንድ ላይ መምጣት አለበት፤ ይህን ከሞተሯ ጋር የመጣው የልክ ሠንጠረዥም እኔም እናውቃለን። ከግራ አንድ ኢንች፣ ከቀኝ አንድ ኢንች። ሳጥኔ ውስጥ ትንሽ መጋዝ አለችኝ። አወጣኋትና ሰጠኋቸው።

አልተቀበሉኝም። "ሰውየው ማንም አይንካልሽ አላለም? አንቺው ቁረጪው።"

እጄ እምቢ አለ። ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ የሳሳ ጫፍ! መጋዟን አስጠግቼ መለስኩ፣ እንደገና አስጠግቼ መለስኩ።

"ጋሼ፣ አልችልም።"

"ቁረጪ እንጂ!" አሉ። ወዲያው ድምፃቸው ለዘብ አለ። "የኔ ልጅ፣ የሰጠሁሽ እንዲበር ነው።"

ቆረጥኩት። አንደኛው ጫፍ ወደቀ፣ ሁለተኛውም ወደቀ። ጠርዙን ሞረድኩ፣ መሃሉ ላይ ቀጭን ብረት አሳልፌ ሚዛኑን ለካሁ፣ ግራው ሲከብድ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት፣ ቀኙ ሲከብድ ቀኙን። በመጨረሻ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ቀጥ አለ። ሬይ ወስዶ ስንጥቅ እንደሌለው በአጉሊ መነጽር መረመረና መለሰልኝ። ሰው ሁሉ ከኋላ ቆመ። ገጠምኩ፣ አስነሳሁ።

ዘፈነ። ዙር ቆጣሪውን ከማየቴ በፊት ወደ ጋሼ ዞርኩ። ገመዱ ጋ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የበሶ ኩባያቸውን ይዘው፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አውሮፕላኔ ተነሳች። ክቡን ዞረች፣ በጀርባዋ ተንጋላ አለፈች፣ ከዚያ የፈራሁት መጣ፤ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አድርጌ ነዳጁን ሙሉ ሰጠኋት። ወጣች! ቀጥ ብላ፣ ድምፅዋ ሳይሰበር፣ ትንኝ እስክታክል ድረስ ወጣች። እላይ ላይ ገልብጬ አወረድኳት። ሳሳርፋት ትንሽ ነጠረች፣ ነገር ግን ሞተሩ ቱክ ቱክ እያለ፣ ፕሮፔለሩ እየዞረ፣ እግሬ ሥር ድረስ መጣች።

ውጤቴ? ከዘጠኝ ሰው አምስተኛ። ማን ጠየቀኝ! ሬይ መጥቶ "ሰኞ ቀደም ብለሽ ነይና ጠረጴዛውን አጽጂ" አለኝ። እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰላም ተቀበለችኝ፤ ፈረንጆቹ ምን መጣ ብለው ዞሩ። ቆይቶ ሬይ፣ "ሽማግሌው ምን ብለው ነበር የጮኹት?" ብሎ ጠየቀኝ። ሞተር ይሉኝታ አያውቅም ያሉትን ልተረጉምለት ሞከርኩ። ሱቁ ውስጥ ሰባት ዓመት አብረን ሠራን፤ ይሉኝታ የምትለዋን ግን እስከ መጨረሻው አላስገባሁለትም።

ጋሼ የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች ከሣሩ ውስጥ ፈልገው አነሱ። አንዱን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አጠፉልኝ። "ምርቃትሽን ያዢ" አሉኝ። ሌላውን ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ከዚያ በሶው ወጣ፤ ሬይም ጠጣ፣ አንድ ብርጭቆ ይጨመርልኝም አለ።

ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያ እጠግናለሁ። ፓምፕ ሲያቃስት ገና ከኮሪደሩ እሰማዋለሁ። አንድ ትልቅ ዶክተር የመረጠው ዕቃ ከማሽኑ ጋር ካልተስማማ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ነገረኛ ነሽ የሚሉኝ አሉ፣ ይበሉ። ከጋሼ ጆሮውን ወስጃለሁ፤ ከሱ የበለጠው ግን ያ "ለምን አልነገርሽኝም" ያሉኝ ነገር ነው።

ጋሼ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። መጨረሻ ላይ አልጋ ሲይዙ በየእሁዱ እሄድ ነበር። አንድ እሁድ ልወጣ ስነሳ እጄን ይዘው መመረቅ ጀመሩ። ዕድሜ ሰጡኝ፣ ጤና ሰጡኝ፣ ቤቴን፣ ልጆቼን፣ መኪናዬን ሳይቀር መረቁ። መሃል ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና አቋረጡ። ዓይናቸውን በከፊል ገልጠው "ጥሩወርቅ፣ በዛብሽ እንዴ? ላሳጥረው?" አሉኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። "የለም ጋሼ፣ ይሄን እንኳ እችለዋለሁ። ይጨምሩበት" አልኳቸው። ጨመሩበት።

ቅዳሜ ዕለት ያ አትክልተኛ እየተጠጋን መጣ፤ ማሽኑ አሁንም ያቃስታል። ሰላም "ተይው፣ ሰውየውን አታሳፍሪው" አለችኝ። ተነሳሁ። በተሰባበረ ስፓኒሽ "ወንድም፣ ማጣሪያው ታፍኗል" አልኩት። መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ ከዚያ አውርዶ ከፈተው። አበባና አቧራ ተጠቅጥቆበታል። ጉልበቱ ላይ መትቶ አራገፈው፣ መለሰው፣ አስነሳው። መንገዱ ሙሉ በዘፈን ተሞላ። ሰውየው አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ተመልሼ ስቀመጥ ሰላም ቦርሳዋን ከፍታ የመኪና ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከቀለበቱ ጋር ያቺ አባቷ ኪሳቸው የከተቷት የእንጨት ጫፍ ታስራለች። እኔም የኔን አውጥቼ አጠገቧ አደረግሁ።

"አባዬ አሁን ቢያይሽ ምን ይል ነበር?" አለችኝ።

"ይመርቁኝ ነበራ።"

"አጭሩን ነው ረጅሙን?"

"ረጅሙን" አልኳት፣ ጨጨብሳዬን ወደ ራሴ እየሳብኩ። "እንዳይቆርጡት!"